ታይዋናውያን «ታይዋናዊ» የሆኑት መቼ ነው?

ታይፔ የሚገኘው የቼንግቺ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ከ1992 ጀምሮ ለታይዋን ሕዝብ አንድ ጥያቄ ሲያቀርብ ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ራስዎን የሚቆጥሩት እንደ ታይዋናዊ ነው? እንደ ቻይናዊ? ወይስ እንደ ሁለቱም? በመጀመሪያው ዓመት ታይዋናዊ ብቻ ነኝ ያለው ከመቶ 18 አልሞላም። ከአራት ሰው አንዱ ቻይናዊ ነኝ አለ። ግማሽ የሚጠጋው ሁለቱንም ነኝ ብሎ መለሰ። ዛሬ ታይዋናዊ ብቻ ነኝ የሚለው ከመቶ 60 አልፏል። ቻይናዊ ብቻ ነኝ የሚለው ወደ 3 ከመቶ ገደማ ወርዷል።

ሠላሳ ዓመት ለአንድ ሕዝብ አጭር ጊዜ ነው። የዘር ሐረጉ በዚህ መሀል አልተቀየረም። የአብዛኛው ታይዋናዊ ቅድመ አያቶች ከቻይና የፉጂያንና የጓንግዶንግ አውራጃዎች ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። የሚጽፉበት ፊደል፣ የሚያከብሩት አዲስ ዓመት፣ ቤተ መቅደሳቸው ሳይቀር ከዚያው የመጣ ነው። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

እኔ የማምንበት መልስ ይህ ነው። ታይዋናዊነትን መጀመሪያ የወለደው የጋራ በደል ነው። ያሳደገውና ያጸናው ደግሞ የምርጫ ካርድ ነው። ማንነቱ የፖለቲካ ሥራ ውጤት ነው ማለት ግን የውሸት ነው ማለት አይደለም። ሰዎች ሞተውበታል። ስለ ታይዋን የምንሰማው ግን የጦር መርከብ፣ የቺፕ ፋብሪካ ወይም የቤጂንግና የዋሽንግተን ፍጥጫ ሲነሳ ብቻ ነው። 23 ሚሊዮን ሕዝብ የራሱ ታሪክ እንዳለው በመሀል ይረሳል። ያሳዝነኛል፤ ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

ከጌታ ወደ ጌታ

የደሴቲቱ የመጀመሪያ ባለቤቶች ቻይናውያን አልነበሩም። ቋንቋቸው ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከማዳጋስካር ሕዝቦች ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ነባር ሕዝቦች ለሺህ ዓመታት ኖረውባታል። መንግሥት ዛሬ በይፋ የሚያውቃቸው 16 ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ ግን ከመቶ 3 አይሞሉም። ኔዘርላንዶች በ1624 የደሴቲቱን ደቡብ ያዙ። በ1662 ኮክሲንጋ የተባለ የጦር አለቃ አስወጣቸው። በ1683 ደግሞ የቺንግ ሥርወ መንግሥት ጠቀለላት።

ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ስደተኛ ገበሬ ከቻይና ሲጎርፍ ኖረ። ያኔ ሰው ራሱን የሚያውቀው በመጣበት ወረዳ ነበር። አንዱ የጃንግጆ ሰው፣ ሌላው የቹዋንጆ ሰው፣ ሌላው የራሱ ቋንቋ ያለው ሃካ። በመሬትና በውሃ ተጣልተው እርስ በርስ ይፋጁ ነበር። ሁሉንም የሚያቅፍ የጋራ ማንነት አልነበራቸውም።

በ1895 ቺንግ በጃፓን ተሸነፈችና ደሴቲቱን በስምምነት አስረከበች። ነዋሪውን ያማከረ የለም። የአካባቢው ሹማምንትና ባለሀብቶች «የፎርሞሳ ሪፐብሊክ» ብለው አወጁ (ፎርሞሳ የደሴቲቱ የቀድሞ ስም ነው)፤ ስድስት ወር እንኳ ሳትደፍን ጃፓኖች ደመሰሷት።

ጃፓን 50 ዓመት ገዛች። ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ ዘረጋች። ትምህርት ቤት ከፈተች። በአገዛዙ ማብቂያ አካባቢ ከመቶ 70 ያህሉ ልጅ አንደኛ ደረጃ ይማር ነበር። ነገር ግን የጃፓኖች ልጆች ትምህርት ቤት ሌላ፣ የደሴቲቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሌላ ነበር። ትልቁ ወንበር ሁሉ የጃፓኖች ነው። የጃንግጆ ዘር ሁን የቹዋንጆ፣ ለገዢው አንድ ነህ፤ የደሴት ሰው ነህ። እርስ በርስ ሲዋጉ የኖሩት ሰዎች አንድ ዕጣ እንዳላቸው ማየት የጀመሩት እዚህ ላይ ነው። በ1921 ቺያንግ ዌይ-ሹይ የተባለ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር የታይዋን የባህል ማኅበርን መሠረተ። በዚያው ዓመት የደሴቲቱ ምሁራን የራሳችን ፓርላማ ይኑረን የሚል ማመልከቻ ወደ ቶኪዮ ላኩ። እስከ 1934 ድረስ 15 ጊዜ ላኩ። አንዱም ተቀባይነት አላገኘም። በተራራው ደግሞ በ1930 የሴዲቅ ሕዝብ ዉሼ በተባለ ቦታ አመፀ፤ ጃፓን በመድፍና በአውሮፕላን ጨፈለቀችው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 200 ሺህ ያህል ታይዋናውያን በጃፓን ጦር ውስጥ በወታደርነትና በሠራተኝነት ተሰልፈዋል። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሊ ቴንግ-ሁይ አንዱ ነበር። ወንድሙ ለጃፓን ሲዋጋ ማኒላ ላይ ሞቶ ቀርቷል። ሊ ራሱ እስከ 22 ዓመቱ ድረስ ራሱን እንደ ጃፓናዊ ይቆጥር እንደነበር በግልጽ ተናግሯል።

በአንድ ሲጋራ ሻጭ የጀመረው

ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ቻይናን የሚገዛው የቺያንግ ካይ-ሼክ ፓርቲ ኩሚንታንግ ደሴቲቱን ተረከበ። ሕዝቡ ባንዲራ ይዞ ወደ ኪሉንግ ወደብ ወጣ። «ወገኖቻችን መጡልን» ብሎ ነው የወጣው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የመጣው ቁጣ መነሻው ጥላቻ አልነበረም። ተስፋ ነበር።

ተስፋው በወራት ውስጥ ተነነ። ሹመቱ ሁሉ ከዋናው ቻይና ለመጡት ሆነ። ሩዝ ለውጭ ትሸጥ የነበረች ደሴት ሩዝ አጣች፤ እህሉ ለቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ተጫነ። ዋጋ ናረ። ሙስናው ዓይን ያወጣ ሆነ። በ1946 ኦክቶበር ጋዜጦች በጃፓንኛ እንዳያትሙ ተከለከለ። በጃፓንኛ ተምሮ ያደገ ትውልድ በአንድ ጀምበር ማንበብና መጻፍ እንደማይችል ተቆጠረ።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1947 አመሻሽ ላይ፣ ታይፔ ውስጥ የትምባሆ ሞኖፖል ተቆጣጣሪዎች መንገድ ላይ ሲጋራ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ያዙ። ሲጋራዋንና ገንዘቧን ወሰዱባት። ለመነቻቸው። አንዱ በሽጉጥ ሰደፍ ጭንቅላቷን መታት። ሰው ተሰበሰበና ጮኸ። ተቆጣጣሪዎቹ ሲሸሹ ተኮሱ፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ተገደለ። በማግስቱ ሕዝቡ ወደ አስተዳዳሪው ቼን ዪ ቢሮ ሲሄድ ጠባቂዎች ተኮሱበት። ከዚያ ደሴቲቱ በሙሉ ነደደች።

በእነዚያ ቀናት አስቀያሚ ነገርም ተፈጽሟል፤ መሸፈን አያስፈልግም። ቁጡ ወጣቶች መንገደኛ እያስቆሙ በሆክየን (አብዛኛው የደሴቲቱ ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ) ወይም በጃፓንኛ ያናግሩ ነበር። መመለስ ያቃተው ከዋናው ቻይና የመጣ ነው ተብሎ ይደበደባል፤ የተገደሉም አሉ። የአገር ሽማግሌዎችና ምሁራን ኮሚቴ አቋቁመው ከቼን ዪ ጋር መደራደር ጀመሩ። የጠየቁት ራስን በራስ ማስተዳደርን ነው። ቼን ዪ በአንድ እጁ እየተደራደረ በሌላው ጦር ጠየቀ። ማርች 8 ጦሩ ኪሉንግ ላይ ወረደ።

የአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ቼን ቼንግ-ፖ የቺያዪ ከተማ ሠዓሊ ነበር። በ1926 ሥራው በጃፓን የኢምፔሪያል የሥዕል ትርኢት ተመርጦ የቀረበለት የመጀመሪያው ታይዋናዊ የዘይት ቀለም ሠዓሊ ነው። ቻይናን ይወድ ነበር። ሻንጋይ ሄዶ ለዓመታት አስተምሯል። ስለዚህ የቻይናን ይፋዊ ቋንቋ፣ ማንዳሪንን፣ ይናገራል። ቺያዪ ውስጥ ከጦሩ ጋር የሚነጋገር የሰላም ልዑክ ሲመረጥ ቋንቋውን ስለሚያውቅ አብሮ ሄደ። ጦሩ አሰረው። ማርች 25 በባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በአደባባይ ረሸኑት። ሚስቱ አስከሬኑን አስመጥታ በድብቅ ፎቶ አስነሳችው። በደም የራሰውን ልብስ ደበቀች፤ ሥዕሎቹንም ለአሥርት ዓመታት ደብቃ አቆየች። ስለ ቻይና አንድነት ከእሱ ይልቅ የሚያምን ሰው ከተማው ውስጥ ማግኘት ይከብድ ነበር።

ስንት ሰው ተገደለ? መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጥኚ ቡድን በ1992 ከ18 ሺህ እስከ 28 ሺህ ብሎ ገምቷል። ከቁጥሩ ባልተናነሰ የሚከብደው የተገደሉት እነማን እንደሆኑ ነው። ጠበቃ፣ ሐኪም፣ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ የምክር ቤት አባል። የአንድ ትውልድ መሪዎች ተመነጠሩ።

ስለ ሌላ አገር ማጥናት

በ1949 ኩሚንታንግ በማኦ ዜዱንግ ኮሚኒስቶች ተሸነፈና መንግሥቱን፣ ጦሩን፣ ወርቁን ይዞ ወደ ታይዋን ሸሸ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አብሮት መጣ። ከእነሱ በፊት ደሴቲቱ ላይ የነበረው ሕዝብ፣ ከዚህ በኋላ «ነባሩ» የምለው፣ ያኔ ስድስት ሚሊዮን አካባቢ ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ወታደራዊ ሕግ ታወጀ። የተነሳው በ1987 ጁላይ ነው። 38 ዓመት!

የመንግሥቱ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነበር፦ የቻይና ሕጋዊ መንግሥት እኛ ነን፤ ታይዋን ጊዜያዊ ማረፊያችን ናት፤ አንድ ቀን ተመልሰን ቻይናን እናስመልሳለን። ይህ ሐሳብ የኑሮውን ሁሉ ቅርጽ ወሰነ። በ1947ና በ1948 ዋናው ቻይና ላይ የተመረጡት የፓርላማ አባላት «የምንወክለው ወረዳ በጠላት ተይዟል» እየተባለ ያለ ምርጫ እስከ 1991 ተቀመጡ። አርጅተው በምርኩዝ እየገቡ ሕግ ያጸድቁ ነበር። የታይፔ ጎዳናዎች በቻይና ከተሞችና አውራጃዎች ተሰየሙ፤ አቀማመጣቸው ሳይቀር ካርታውን ይከተላል። ጂሊን ጎዳና በሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ቲቤት ጎዳና በደቡብ ምዕራብ።

ተማሪው አይቶት የማያውቀውን የቻይና ወንዝና የባቡር መስመር በቃሉ ይሸመድዳል። በደጁ ስለሚያልፈው ወንዝ ግን ብዙም አይማርም። ትምህርት ቤት ውስጥ ሆክየን፣ ሃካ ወይም የነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተናገረ ልጅ ይቀጣል። ገንዘብ ይከፍላል፣ ይገረፋል፣ ወይም አንገቱ ላይ ሰሌዳ ይንጠለጠልበታል። ሰሌዳውን የሚያወርደው ሌላ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ሲይዝ ነው። እናት የምትናገረው ቋንቋ የሚያሳፍር ነው ብሎ ለልጅ ማስተማር ምን ያህል ጠባሳ እንደሚተው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የተናገረ ደግሞ ይታሰራል። ዘመኑ «ነጭ ሽብር» ይባላል። ሲቪሎች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ይዳኙ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች በግሪን ደሴት ማቀቁ። ተጎጂዎቹ ነባሮቹ ብቻ አልነበሩም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከዋናው ቻይና የመጣው ሌይ ቼን ራሱ የኩሚንታንግ ሰው ነበር። በ1960 ነባሮቹን ይዞ የተቃዋሚ ፓርቲ ሊመሠርት ሲል ታሰረ፤ አሥር ዓመት ተፈረደበት። በ1964 ደግሞ ፕሮፌሰር ፔንግ ሚንግ-ሚን ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር አንድ መግለጫ አሳተመ። ነባሩም መጤውም ተባብሮ አዲስ አገርና ሕገ መንግሥት ይሥራ የሚል ነው። ሦስቱም ታሰሩ። ፔንግ በ1970 አምልጦ ስዊድን ገባ።

ታይዋናዊነት በዘር ሳይሆን አብሮ በመኖር ላይ ይቁም የሚለው ሐሳብ እንግዲህ በዚያ ጨለማ ዘመን ነበረ። የሚናገርበት አደባባይ ነው ያጣው።

ወንበሩ ሲወሰድ

የመንግሥቱን ታሪክ ከሥሩ የነቀነቀው ከውጭ የመጣ ነገር ነው። ኦክቶበር 25 ቀን 1971 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የቻይናን ወንበር ለቤጂንግ ሰጠ። ድምፁ 76 ለ35 ነበር። ከደገፉት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አገራችን ለቤጂንግ እውቅና የሰጠችው በ1970 መጨረሻ ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ድምፁ ከመሰጠቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ቤጂንግ ላይ ከማኦ ጋር ተገናኝተዋል። በ1979 አሜሪካም ፊቷን አዞረች። ዓለም «ቻይና እናንተ አይደላችሁም» ካለ፣ ታይፔ ያለው መንግሥት ታዲያ የማን መንግሥት ነው? በማን ስም ነው የሚገዛው?

ተቃዋሚዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ወጡ። ዲሴምበር 10 ቀን 1979 ካኦሹንግ ከተማ ላይ የሰብአዊ መብት ቀን ሰልፍ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። መሪዎቹ ታስረው ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ። መንግሥት ችሎቱን ክፍት አደረገው፤ ተከሳሾቹ የተናገሩት ግን በጋዜጣ እየታተመ በየቤቱ ተነበበ። ጠበቆቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ቼን ሹይ-ቢያን በ2000 ፕሬዚዳንት ሆነ። ተከሳሿ አኔት ሉ ምክትሉ ሆነች።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1986 ወታደራዊ ሕጉ ገና ሳይነሳ ተቃዋሚዎቹ ዲሞክራሲያዊ ተራማጅ ፓርቲን መሠረቱ። የቺያንግ ካይ-ሼክ ልጅ፣ ፕሬዚዳንት ቺያንግ ቺንግ-ኩኦ፣ አላሰራቸውም። በ1987 ወታደራዊ ሕጉን አነሳ። በዚያው ሰሞን «እኔም ታይዋናዊ ነኝ» አለ። የተወለደው ቻይና ነው፤ ደሴቲቱ ላይ የኖረው 40 ዓመት ገደማ ነው። ይህን ማለቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ድምፅ ሲቆጠር

ቺያንግ በ1988 ሲሞት በቦታው የተተካው ያ ለጃፓን ጦር ተሰልፎ የነበረው ሊ ቴንግ-ሁይ ነው። ደሴቲቱ ላይ ተወልዶ ፕሬዚዳንት የሆነ የመጀመሪያው ሰው። በ1990 ማርች ተማሪዎች አደባባይ ላይ ተቀምጠው ሽማግሌዎቹ ፓርላማውን ይልቀቁ አሉ። ሊ ተቀብሎ አነጋገራቸው። በ1991 መጨረሻ ሽማግሌዎቹ ወጡ። በስደት የነበሩት ተመለሱ። በ1995 ሊ በመንግሥት ስም ለ1947ቱ እልቂት ይቅርታ ጠየቀ። በ1997 የታይዋን ታሪክና ጂኦግራፊ ራሱን የቻለ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ተዘጋጀለት።

ማርች 23 ቀን 1996 ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ሊመርጥ ሆነ። ቤጂንግ አልወደደችውም። ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት ሚሳይል ወደ ኪሉንግና ካኦሹንግ ወደቦች አቅራቢያ መተኮስ ጀመረች። አሜሪካ ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ላከች። ሕዝቡ ግን ተሰለፈ። ከመራጩ ከመቶ 76 ያህሉ ድምፅ ሰጠ። ሊ በ54 ከመቶ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ማን ይመስላችኋል? ያ በ1964 የታሰረው ፔንግ ሚንግ-ሚን ነው።

የድምፅ ቆጠራቸውን ማወቅ ብዙ ነገር ይገልጣል። ድምፅ የሚሰጠው በትምህርት ቤት፣ በቤተ መቅደስ፣ በቀበሌ አዳራሽ ነው። የሚቆጠረውም እዚያው ነው። ቆጣሪው እያንዳንዱን ወረቀት ወደ ላይ አንስቶ ያሳያል፤ የተመረጠውንም ጮክ ብሎ ይጠራል። ሌላው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ አምስት ጭረት ባለው ፊደል እያሰመረ ይይዛል። የፈለገ ሰው ገብቶ ያያል። በፖስታ መምረጥ የለም፤ ሰው ለመምረጥ ወደተመዘገበበት አካባቢ መመለስ አለበት። ስለዚህ በምርጫ ሰሞን ባቡሩ ጢም ይላል፤ ከውጭ አገር ትኬት ቆርጦ የሚመጣም ብዙ ነው። በየአራት ዓመቱ ይህን የሚያደርግ ሕዝብ ድንበሩን ያውቀዋል። ማን «እኛ» እንደሆነ የሚያሳየው አብሮ የተሰለፈው ሰው ነው። ቻይና ውስጥ ያለው ዘመዱ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የለም።

ነባርና መጤ የሚለው ክፍፍልም በዚሁ ላላ። ምርጫ ማሸነፍ የሚፈልግ ሁሉ የሁሉንም ድምፅ ይፈልጋል። በ1998 ሊ ከዋናው ቻይና ከመጣ ቤተሰብ የተወለደውን ማ ዪንግ-ጁን ለታይፔ ከንቲባነት ሲደግፍ «አዲስ ታይዋናዊ» አለው። ማ አሸነፈ። በኋላም ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ2014 ግን ይኸው ማ ከቻይና ጋር የፈረመው የአገልግሎት ንግድ ስምምነት በጥድፊያ ሊያልፍ ሲል ተማሪዎች ፓርላማውን ሰብረው ገቡ። ከማርች 18 እስከ ኤፕሪል 10 አልወጡም። እነዚህ ልጆች ወታደራዊ ሕግን አያውቁም፤ ያደጉት በታይዋን ታሪክ መጽሐፍና በምርጫ ነው። በ2019 ደግሞ ሆንግ ኮንግ ስትታመስ አዩ። ሆንግ ኮንግ የምትተዳደርበት፣ ቤጂንግ ለታይዋንም የምታቀርበው «አንድ አገር፣ ሁለት ሥርዓት» የሚለው ቃል ኪዳን ተግባሩ ምን እንደሚመስል በስልካቸው ተመለከቱ። በ2020 ጃንዋሪ ፕሬዚዳንት ሳይ ኢንግ-ዌን ከ8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝታ በድጋሚ ተመረጠች።

ያልተዘጋው ፋይል

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። ለደሴቲቱ የመጀመሪያ ባለቤቶች፣ ለነባር ሕዝቦች፣ ከኔዘርላንድ እስከ ኩሚንታንግ ያለው ሁሉ መሬት ነጣቂ ነው፤ «ታይዋናዊ» የሚለው ስም ራሱ ለረጅም ጊዜ የሆክየን ተናጋሪው ብቻ መስሎ ኖሯል። ሳይ ኦገስት 1 ቀን 2016 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቃቸዋለች። የመሬቱ ጥያቄ ግን ዛሬም አለ። ከቬትናምና ከኢንዶኔዥያ መጥተው ታይዋን ውስጥ ያገቡ ሴቶች የወለዷቸው ልጆችም አድገው ድምፅ እየሰጡ ነው።

የአገሪቱ ይፋዊ ስም እስከ አሁን «የቻይና ሪፐብሊክ» ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1947 ቻይና ውስጥ የታወጀው ነው፤ ተሻሽሏል እንጂ አልተተካም። ፓስፖርቱ ላይ ከ2021 ጀምሮ «ታይዋን» የሚለው በትልቁ ተጽፏል። ኦሊምፒክ ላይ ግን ስፖርተኞቹ የሚገቡት «ቻይኒዝ ታይፔ» ተብለው ነው፤ በ2018 ስሙ ይቀየር የሚል ሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ አብዛኛው ድምፅ ሰጪ አልተቀበለውም። ታይዋናዊ ነኝ የሚል ሕዝብ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ከውድድር እንዳይታገድ ስለፈራ ነው። ስሙን በይፋ መለወጥም ከዚህ የባሰ ዋጋ አለው፤ ቤጂንግ በ2005 ባወጣችው ፀረ-መገንጠል ሕግ ታይዋን ከተገነጠለች ኃይል እንደምትጠቀም ደንግጋለች።

ያ ዩኒቨርሲቲ ታዲያ ሁለተኛ ጥያቄም ይጠይቃል። ውህደት ይሻላል ወይስ ነፃነት? አሁኑኑ ውህደት የሚለው ኢምንት ነው። አሁኑኑ ነፃነት ይታወጅ የሚለውም ጥቂት ነው። እጅግ የሚበዛው፣ ታይዋናዊ ብቻ ነኝ ያለው ሰው ሳይቀር፣ ቢያንስ ለጊዜው ነገሩ ባለበት ይቆይ ይላል።